ከለገጣፎ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ነባሩና እንግዳው ከተማን ሲጠሩ

ሰኞ፣ ከላም በረት እስከ ደብረ ብርሃን

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወጣው መንገድ ላም በረት ካለው መናኸሪያ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል ለገጣፎ ይደርሳል፤ ከዚያም ለገዳዲን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ሲገባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን መንገድ የያዝኩት በዳር በዳሩ የሚኖረው ነባር ሕዝብና በቅርብ ዓመታት የገባው አዲስ ነዋሪ ሁለቱን ትልልቅ ከተሞች፣ አዲስ አበባንና ደብረ ብርሃንን፣ በምን በምን ስም እንደሚጠራ ለማዳመጥ ነው። ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ይመስላል፤ ከተማ ስም አለው፤ ስሙም በካርታ ላይ ተጽፏል። ሚኒባሳችን ከለገጣፎ ሳይርቅ ግን ካርታው እንደማይበቃ ታየ።

ለገጣፎ ላይ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ሞላሌ ለአጎታቸው ተዝካር እየሄዱ መሆናቸውን ካጫወቱኝ በኋላ የት እንደሚኖሩ ብጠይቃቸው፣ «እሱማ እንደ ጠያቂው ነው» ብለው ሳቁ። መንዝ ላሉት ዘመዶቻቸው የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። መገናኛ አካባቢ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው የምኖረው ቢሉ ባልደረቦቻቸው ስለሚያርሟቸው፣ እዚያ «ለገጣፎ» ይላሉ። ለቤት ጉዳይ ወደ አስተዳደሩ ሲሄዱ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሸገር ከተማ ነው። ቤቱ ከተሠራበት አልተነቃነቀም፤ ሦስቱም መልስ እውነት ነው። «ሞላሌ ደርሼ ለገጣፎ ነኝ ብላቸው፣ አዲስ አበባ ሳልገባ መንገድ ላይ የቀረሁ ይመስላቸዋል» አሉኝ። በዚህ ሁሉ መንገድ ከሰማሁት ውስጥ ጉዳዩን በአጭሩ የገለጠው የእሳቸው ቃል ነው።

የ«ሸገር» ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ሸገር የአዲስ አበባ የፍቅር ስም ነበር፤ ሰው ከተማውን ሲያሞግስ፣ ሲናፍቅ ወይም ሲቀልድ የሚያወጣው ስም ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ የሬዲዮ ጣቢያም አለ። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ሰበታን፣ ገላንንና ሌሎችንም አካባቢዎች በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሲያደራጅ ሸገር ከተማ ብሎ ሰየመው። ስለዚህ ዛሬ «ሸገር ነኝ» የሚል ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል፤ ወይ መሀሉን፣ ወይ ዙሪያውን። አድማጩ የሚለየው በተናጋሪው ድምፅ ነው፤ ፈገግ ብሎ ካለው መሀሉን፣ ፎርም እየሞላ ካለው ዙሪያውን ማለቱ ነው። ይሁንና ሚኒባስ ውስጥ «ሸገር ወራጅ» ሲል የተሰማ ተሳፋሪ የለም። በፍቅር ስም ከተማ ይሞገሳል እንጂ ከመኪና አይወረድበትም፤ በአስተዳደር ስምም እንዲሁ።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ከተማው ውስጥ ሳለ የከተማውን ስም የሚጠራበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ፒያሳ ይሄዳል፣ ከመርካቶ ይገዛል፣ ሽሮ ሜዳ ይኖራል፣ ሃያ ሁለት ላይ ሰው ይቀጥራል። «አዲስ አበባ» የሚለው ሙሉ ስም ከአፉ የሚወጣው ከከተማው ሲርቅ ወይም ከሩቅ ለመጣ ሰው ሲያስረዳ ነው፤ ያኔም ሁለቱን ቃላት አጣብቆ «አዲሳባ» ማለት ይቀናዋል። «አዲስ» ብሎ በግማሹ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው፣ ከውጭ የተመለሰ ወገን ወይም ከሌላ ክልል በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። እኔም በከተማው እንዳደገ ሰው «አዲስ እገባለሁ» ሲባል ጆሮዬ ያመነታል፤ ስሕተት ስለሆነ አይደለም፣ ተናጋሪው ከየት በኩል እንደሚያየው ወዲያው ስለሚነግረኝ ነው።

ሸኖ ላይ ቆመን ተሳፋሪው ለጋ ቅቤ ሲገዛ፣ ቅቤ ሻጩ ወጣት በስልክ ይነጋገር ነበር። በኦሮምኛ ሲያወራ ፊንፊኔ ይላል፤ ንግግሩን ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ አዲስ አበባ ይላል። የሚልከው ቅቤና የሚሄድበት መኪና ያው አንድ ነው። በየመድረኩ ሰው ጎራ ለይቶ የሚከራከርባቸውን ሁለት ስሞች እሱ እንደ ቋንቋው ሲያፈራርቅ ለማሰብ እንኳን አልቆመም። ኦሮምኛን አፉን ከፈታበት ጀምሮ የሚያውቅ የሸኖ ነጋዴ ፊንፊኔ ሲል አቋም መግለጹ ላይሆን ይችላል፤ አያቱም ያሉት ያንኑ ነው። አቋም የሚሆነው በአንዱ ቋንቋ እያወሩ የሌላውን ስም ሆን ብሎ መምረጥ ሲመጣ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ ሰሜን ሸዋ የሚባሉት ዞኖች ሁለት ናቸው። ሸኖ ያለው ዋና ከተማው ፍቼ በሆነው በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነው፤ ከሸኖ በኋላ የምንገባበት ደግሞ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራው ሰሜን ሸዋ ነው። መንገዱ ላይ ግን ራሱን «የሰሜን ሸዋ ሰው ነኝ» ብሎ ያስተዋወቀኝ የለም። የመንዝ ነኝ፣ የተጉለት ነኝ፣ የቡልጋ ነኝ ይላል፤ ከወዲያኛው ወገን ያለው ደግሞ የሰላሌ ነኝ ይላል። ሰሜን ሸዋ የሚለው ቃል የሚያገለግለው ለደብዳቤ አናትና ለዜና አንባቢ ነው።

አመሻሽ ላይ ረዳቱ «ጠባሴ ወራጅ!» ብሎ ሲጣራ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ተደናግጠው ደብረ ብርሃን ገና ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ረዳቱም «ደርሰናል፤ ይሄ ጠባሴ ነው» አለ። ወጣቶቹ ከዚህ መልስ ብዙም የተረዱ አይመስልም።

ማክሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ጠባሴ ከአዲስ አበባ ሲመጡ የደብረ ብርሃን መግቢያ ነው። በአስተዳደሩ አከፋፈል የከተማዋ አንድ አካል ነው፤ በነዋሪው አነጋገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጠባሴ የምትኖር አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ለዕቃ ግዢ ወደ መሀል ስትነሣ «ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ» ስትል ሰማኋት፤ መሀል ከተማ ያለው ሰው ደግሞ ወደ እሷ ሲሄድ «ጠባሴ ወረድኩ» ይላል እንጂ እንደ ራሱ ከተማ አይቆጥረውም። በሁለቱ መካከል ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው ባጃጅም የሚጠራው እንደ ሁለት ከተማ ነው። ሁለቱንም ቦታ ያለ ልዩነት «ደብረ ብርሃን» የሚለው ከውጭ የመጣው ነው፤ ይኸውም ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጂውና እኔን የመሰለው መንገደኛ።

ለሻይ የተቀመጥኩት ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ጋር ነበር፤ የከተማው ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ደብረ ብርሃን የሚለው ስም ራሱ ከእንግዳ የመጣ ነው ብለው ጀመሩልኝ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ ከዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ማሳለፋቸው የታወቀ ነው። ነገሥታቱ በየስፍራው እየዞሩ በድንኳን በሚከትሙበት በዚያ ዘመን፣ ንጉሥ በአንድ ቦታ ይህን ያህል መቀመጡ ብርቅ ነበር። «እንግዲህ ስሙን ያወጣው ከተማ አድርጎ ሊቀመጥበት የመጣው ነው፤ እዚህ ያርስ የነበረው ሰው ምን ይለው እንደነበር ማን ጻፈው?» አሉ ጋሼ። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ «እኛ ልጆች ሳለን ሰሜን ሸዋ የሚባል አገር አልነበረም፤ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ነበር፤ ደብረ ብርሃን የአውራጃው ከተማ ናት። የገጠሩ ሰው ወደዚህ ሲመጣ አውራጃ ሄድኩ ይል ነበር» ሲሉ አከሉ።

ይህ አነጋገር ጨርሶ አልጠፋም። ወደ መሀል ከተማው ገበያ በግ ነድተው የመጡ አንድ ሽማግሌ ወዴት እንደሚመለሱ ስጠይቃቸው መንደራቸውን ነገሩኝ፤ የቆሙበትን ቦታ ምን ብለው እንደሚጠሩት ስጠይቃቸው ግን ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው፤ «ከተማ ነዋ!» አሉ። በዙሪያዋ ላለው ገበሬ ደብረ ብርሃን ስም አያስፈልጋትም፤ ሌላ ከተማ በአጠገብ ከሌለ ከተማ ማለት እሷ ናት። አዲስ አበባን ግን ሁልጊዜ በሙሉ ስሟ ይጠሯታል። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሙሉ ስም ብዙ ጊዜ የርቀት ምልክት መሆኑን ነው። አዲስ አበቤው መርካቶና ፒያሳ ሲል፣ የተጉለቱ ገበሬ ከተማ ሲል፣ ሁለቱም ስሙን የሚተዉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ቦታው ለእነሱ ከመጠሪያው ይቀርባል።

እንግዳው በበኩሉ ስም ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም በመጣበት ጉዳይ ልክ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ተማሪ ወደዚች ቀዝቃዛ ከተማ ይመደባል፤ ተማሪዎቹም ከተማዋንና ግቢውን ሳይለዩ በዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ምሕጻር «ዲቢዩ» ይላሉ፤ «ዲቢዩ ደረሰኝ»፣ «ዲቢዩ ብርዱ አይቻልም» እንዲሉ። ከጎንደር የመጣ አንድ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያ የገጠመውን ግራ መጋባት አጫወተኝ፤ ለእሱ ደብረ ብርሃን ማለት በጎንደር ያለው፣ ጣሪያው በመላእክት ሥዕል የተሞላው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነበርና፣ ምደባው ሲወጣ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ስም በማያውቀው ከተማ ላይ ማየቱ አስደንቆታል። እዚህ ደግሞ በከተማዋ መካከል ሌላ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የዚህች ከተማ ልጅ «ሥላሴ» ሲል ይህንኑ ነው፤ ሌላም ማብራሪያ አያስከትልም።

በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በዙሪያው በተከፈቱት ፋብሪካዎች የሚሠሩት ወጣቶች ከተማዋን የሚያውቋት በሰርቪስ መሥመር ነው፤ ስለዚህ «ፓርክ» እና «ቢራ» የቦታ ስም ሆነዋል። ነባሩ ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ «ብርድ ልብስ»ን የቦታ ስም አድርጎት ነበር፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካው አቅጣጫ የሚሰጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ብዙ ቤት ደግሞ ደብረ ብርሃን የታወቀችው በአልጋ ላይ ነው፤ ከተማዋን ሳያይ በስሟ ተሸፋፍኖ ያደገው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ሌላም ዓይነት እንግዳ አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዱ «ቻይና ካምፕ» ይባላል፤ ስሙን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ መጥተው በመንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ከተማዋን በስሟ ሲጠሯት አልሰማሁም፤ «ሸዋ ከገባን ወዲህ» ነበር የሚሉት። ለእሳቸው ወለጋ የኖሩበት አገር ነው፣ ሸዋ የደረሱበት ነው፤ በሁለቱ መካከል ከተማ የሚባል ነገር ገና ቦታ አላገኘም። ከመምህሩ ጋር ካነሣነው ሁሉ ይልቅ የዚህች እናት አነጋገር ረዘም ላለ ጊዜ አሳሰበኝ፤ የከተማን ስም መጥራት የሚመጣው ምናልባት መኖር ከተጀመረ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ስለ «ሪጂዮ ፖሊታን» አንድ ቃል። ደብረ ብርሃን ወደ ሪጂዮ ፖሊታን ከተማነት ደረጃ ከፍ ካለች በኋላ ቃሉ በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላና በየማኅተሙ ሰፍሯል። በቃል ንግግር ሲጠቀሙበት ያገኘኋቸው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ስብሰባ የሚመሩትንና መሬት የሚያሻሽጡትን። ደላላው ከአዲስ አበባ ለመጣ ገዢ ቦታውን ሲያስተዋውቅ «ሪጂዮ ፖሊታን ውስጥ» ይላል፤ በቃሉ ዋጋው ከፍ እንዲል ይፈልጋል። ቦታው ራሱ ከመሀል ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ ገዢው የሚያውቀው በባጃጅ ሲሄድ ነው። ለእኔ ይህ ቃል ከከተማዋ ስም ጎን ሲቆም ጥሩ ጎረቤት አይሆንም፤ ጋሼ ደግሞ ቃሉን እንዲደግሙልኝ ብጠይቃቸው «እሱን ለልጆቹ ተወው» ብለው አለፉት።

ረቡዕ፣ ጫጫና አንጎለላ

ወደ ኋላ ተመልሼ ጫጫ ወረድኩ። አጠገቧ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረች፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ስፍራ ናት። ዛሬ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ከተማው ወሰን ነው። ደብረ ብርሃን በዚህ አቅጣጫ እየሰፋች ነው፤ በመንገዱ ዳር የሚታየው አዲስ ግንባታና የአጥር ቆርቆሮ ይህን ለመረዳት ይበቃል። ገብስ ሲያጭዱ ያገኘኋቸው አንድ ገበሬ ቦታቸው ደብረ ብርሃን ነው ወይስ ጫጫ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከተማ ውስጥ ገብታችኋል ይሉናል፤ እኛ ግን ከተማ ስንሄድ እስካሁን የመኪና እንከፍላለን» አሉ። ከዚህ የተሻለ የከተማ ወሰን መለኪያ አላገኘሁም። የቀረው የቀኑ ክፍል በዝናብ ምክንያት ባክኗል።

ሐሙስ፣ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረሰው አንኮበር የስም ነገር የሚያጠግብ ስፍራ ነው። መናኸሪያ ላይ «አንኮበር» የተባለው መኪና ያወረደኝ ጎረቤላ ነው፤ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ናትና። ነዋሪው «አንኮበር» ሲል በተለይ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታና የጥንቱን ከተማ ማለቱ ነው፤ የሚኖርበትን ግን ጎረቤላ ይለዋል። ጎብኚው ሁሉንም አንኮበር ይላል፤ ወደ ኮረብታው ለመውጣት መንገድ ሲጠይቅም «አንኮበር የት ነው?» ስለሚል፣ አንኮበር ደርሶ አንኮበርን የሚፈልግ ሰው ይሆናል። ልጆቹ ይህን ጥያቄ ስለለመዱት ሳይጠየቁ በእጃቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ።

ይህ ዓይነቱ ልዩነት እዚህ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጡት አውሮፓውያን አንኮበርን የሸዋ ዋና ከተማ ብለው መዝግበዋል፤ ንጉሡ ግን በዓመቱ ውስጥ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በሌሎችም ስፍራዎች ይዘዋወሩ ነበር፤ እንግሊዞች በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወዳጅነት ውል የተፈራረሙትም አንጎለላ ላይ ነው። የመጣው እንግዳ ንጉሡ ያለበትን ቦታ በአንድ ስም አስሮ ከተማ ለማድረግ ይቸኩላል፤ ነባሩ ግን ቤተ መንግሥቱን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ ገበያውንና የየመኳንንቱን ሰፈር ለየብቻ ያውቃል።

ከገደሉ ወደ ቆላው ሲወረድ የምትገኘው አልዩ አምባ በጥንቱ ዘመን ከባሕር ወደብና ከሐረር የሚመጡት ነጋዴዎች የሚያርፉባት የገበያ ከተማ ነበረች። ከዚያ አህያ ጭነው የወጡ ነጋዴዎች ደብረ ብርሃንን «ደጋ» ይሏታል፤ «ነገ ደጋ እወጣለሁ»፣ «ልጄ ደጋ ይማራል» እንደማለት። ለቆላው ሰው ከተማዋ የምትለየው በብርዷ ነው፤ ሌላ መለያ መጨመር ትርፍ ነው።

ጎረቤላ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት አዲስ አበባን የሚጠሯት እንደ ታናሽ ዘመድ ነው። «እኛ ከዚህ ተነሥተን ነው የሠራናት» ይላሉ፤ ይህም ከታሪኩ የራቀ አይደለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከተዛወረ በኋላ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። አብረው የወረዱት መኳንንትም በየተሰጣቸው ቦታ ጭፍሮቻቸውን አስፍረው ከተሙ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ውርስ ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ እስከ ዛሬ ከተማውን በሰፈር በሰፈር ቆርሶ መጥራቱ፣ ሙሉ ስሙንም ለእንግዳ ማስቀመጡ፣ ከዚህ አመሠራረት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ከተማው ሲቆረቆር አንድ ቦታ አልነበረም፤ ብዙ ሰፈር ነበር። የአንድ ከተማ ስም ያስፈለገው በመጀመሪያ ለሩቁ ሰው ነው።

ዓርብ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና

ጭጋግ ነበር። ጣልያኖች ያሠሩት 587 ሜትር ርዝመት ያለው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከዋሻው ሲወጡ መንገዱ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። የማስታወሻዬን ጉዳይ የሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ታዘብኩ። ከዋሻው ወዲህ ሳለን ተሳፋሪው ስለ አዲስ አበባ ሲያወራ «ወረድኩ» ወይም «ሄድኩ» ይል ነበር፤ ደብረ ሲና ላይ የተሳፈሩት ሁሉ ግን «ወጣሁ» አሉ፤ ከእነሱ በኩል ከፊታቸው ያለው ዳገቱ ነውና። ተማሪዎቹ በመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈውን «ደ/ሲና» እና «ደ/ብርሃን» የሚል ምሕጻር ሲያነቡ «ደ»ውን ብቻ ጠርተው ይሳሳቁ ነበር። በጽሑፍ ተቆርጦ የሚታየው ስም በአፍ ግን አይቆረጥም፤ ሁለቱንም ከተማ «ደብረ» ብሎ የሚያሳጥር ነባር ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢያሳጥርማ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ቅዳሜ፣ ሸዋ ሮቢት

ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ካፖርት ያስወልቃል። ከተማዋ በነዋሪዎቿ ዘንድ «ሮቢት» ብቻ ናት። «ሸዋ» የተጨመረላት በራያ ቆቦ በኩል ሌላ ሮቢት ስላለች እንዳይምታታ ነው ይላሉ፤ መምታታቱ ግን የሚያሰጋው ከሩቅ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው ነው እንጂ እዚህ የሚኖረውን አይደለም። ስለዚህ «ሸዋ ሮቢት» የሚለው ተሳፋሪው፣ ደብዳቤ ጸሐፊውና ዜናው ነው። እዚህም ያው ነገር ተደገመ፤ ሙሉውን ስም የሚይዘው ከውጭ የመጣው ነው።

የሮቢት ሜዳ ማሾና ሽንኩርት ያበቅላል፤ ሽንኩርቱ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። በጫኞቹና በነጋዴዎቹ ንግግር ውስጥ ግን አዲስ አበባ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ትልልቆቹ ነጋዴዎች «አትክልት ተራ ገባ»፣ «አትክልት ተራ ወደቀ» ይላሉ፤ የገባው ሽንኩርቱ ነው፣ የወደቀው ዋጋው ነው። የጅምላው የአትክልት ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል፤ የነጋዴዎቹ አፍ ግን አልተዛወረም። በቅርቡ ሥራውን የያዙት ወጣት ሾፌሮች በተቃራኒው «ኃይሌ» ይላሉ፤ አትክልት ተራ ዕቃ ያላራገፈ ሰው ስሙን ከየት ያመጣዋል?

ማታ ሲጫን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ባለዕቃው ለሾፌሩ «አትክልት ተራ ስትደርስ ደውልልኝ» አሉት። ሾፌሩም «እሺ ጋሼ፣ ኃይሌ እንደገባሁ እደውላለሁ» ብሎ ሸራውን ማሰር ጀመረ። አንዱ ሌላውን አላረመም፤ ዋጋው ላይ ግን ገና አልተስማሙም ነበርና ክርክሩ ቀጠለ።